የሳና ጨዋ ደመናዎች

ሰዎቹ ቀርከሃውን ተሸክመው ግቢው ሲደርሱ ሳና ጥርሷን እየፋቀች ነበር። መፋቂያውን ከአፏ ሳታወጣ ባለችበት ደርቃ ቀረች። ከፊት ሼህ ዓብዱልላጢፍ ምርኩዛቸውን ይዘው፣ ከኋላቸው የመንደሩ ጎልማሶች ረጃጅሙን ቀርከሃ በትከሻቸው አድርገው፣ ከእነሱም ኋላ ሴቶቹ የክዳን ሣር በራሳቸው ላይ ቆልለው፣ ሁሉም እየተሳሳቁ ነው የሚመጡት። «መምህርታችን! ደረስንልሽ እኮ!» አለ ከመካከላቸው አንዱ። ለሳና ቤት ሊሠሩላት ነው። ሳና ደግሞ በሚቀጥለው ሳምንት አገሩን ለቅቃ አዲስ አበባ መግባት አለባት። ይህን ደግሞ፣ እሷ እስከምታውቀው ድረስ፣ በመንደሩ ውስጥ የሚያውቅ አንድም ሰው የለም።

ፈገግ አለች እንግዲህ። ሰው ቤት ሊሠራልህ ቀርከሃ ተሸክሞ ሲመጣ ሌላ ምን ይደረጋል?

ሳና የጀዕፈር ልጅ ናት። መንደሯ ከሸርቆሌ የስደተኞች መጠለያ ብዙም አትርቅም፤ ከማንጎ በቀር ዛፍ የተፈጠረ የማይመስልባት፣ ፀሐይዋ ከጠዋቱ ጀምሮ የምትቆጣ ትንሽ መንደር ናት። ሳና ገና ሕፃን ሳለች እናቷ ስለሞተች ከአባቷ ጋር ሆነው ያሳደጓት የአባቷ እኅት ብኸይታ ናቸው። ታላቅ ወንድሟ ሰዳም ለንግድ ወደ ደማዚን ተሻገረ፤ ሱዳን ውስጥ ጦርነቱ ከተነሣ ወዲህ ግን ድምፁ ጠፋ። ሞተ የሚል የለ፣ አለ የሚል የለ። ጀዕፈር ከድንበር ስደተኛ የጫነ መኪና መጣ በተባለ ቁጥር መንገድ ዳር ካለው ማንጎ ሥር ይቀመጡና የሚወርደውን ሰው ሁሉ ፊት አንድ በአንድ ያያሉ። ከዚያ ተነሥተው ልብሳቸውን አራግፈው ወደ ቤት ይመለሳሉ።  

ሸርቆሌ በሚገኘው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ የምታስተምረው እሷ ናት። ከእሷ በፊት የነበሩት መምህራን ከሩቅ የሚመጡ ነበሩ። አንዱን ወባ ያባርረዋል፣ አንዱን ሙቀቱ፣ አንዱን ደግሞ ናፍቆት። ዓመቱን አጋምሰው ይሄዳሉ፤ ልጆቹ ፈተና ላይ ያልተማሩትን እያዩ ያለቅሳሉ። ስለዚህ የጀዕፈር ልጅ አሶሳ ዩኒቨርሲቲ ገብታ፣ ተመርቃ፣ ያውም ፊዚክስ ተመርቃ ስትመለስ መንደሩ ፍየል አረደ። ከዚያ ወዲህ ሳና ለራሷ ብቻ መሆኗ ቀረ። ገበያ ስትወጣ ትልቁም ትንሹም ቆሞ ይጨብጣታል። አንዲት ሴት የወለደቻትን ልጅ ሳና ብላ ጠራች። ትዳር የሌላት መሆኑን እንኳ ይቅር አሏት፤ በዚያ ዕድሜ ላላገባች ሴት ይህ ቀላል ይቅርታ አይደለም። ሰው በጥላቻ ሲታሰር ይጮኻል፤ ሳና ግን ማን ላይ ትጩኽ? የሚበድላት የለም። የሚወዷት ብቻ ናቸው።

በየክረምቱ አሶሳ እየተመለሰች ሁለተኛ ዲግሪዋን ተማረች። የመመረቂያ ሥራዋ ስለ ደመና ነው፤ ዝናብ ስለሚያዘንበው ደመና ግን አይደለም። አንዳንድ ጋላክሲዎች እምብርታቸው ላይ ግዙፍ ጥቁር ጉድጓድ አለ። በዙሪያው የሚሽከረከረው ጋዝ ወደ ውስጥ እየወረደ እርስ በርሱ ሲፋተግ ይግላል፤ ያን ጊዜ የሚያበራው ብርሃን የጋላክሲውን ከዋክብት በሙሉ ቢሰበስቧቸው ይበልጣቸዋል። እዚያ ዙሪያ የሚንሳፈፉት የጋዝ ደመናዎች ታዲያ መከራቸውን ያያሉ። ጥቁሩ ጉድጓድ ወደ ውስጥ ይስባቸዋል፤ ብርሃኑ ደግሞ ወደ ውጭ ይገፋቸዋል። አዎ፣ ብርሃን ይገፋል። ፀሐይም ትገፋናለች፤ በማይሰማን መጠን ስለሆነ ነው እንጂ።

ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ ቤት ውስጥ ስታወራ ብኸይታ ባሚያ እየከተፉ ነበር። ቢላዋውን አስቀመጡና ሣቁ።

«ፀሐይ የምትገፋ ከሆነ እኔን ለምን ገፍትራ አልጣለችኝም? ይኸው ስንት ዘመኔ ከሥሯ ስሠራ!»

«እዚህ ግፊቷ ትንሽ ነው አክስቴ። እዚያ ግን ብርሃኑ ከመብዛቱ የተነሣ ደመናን ይገፋል።»

«ያው የሚያበራው ነገር ራሱ ይስባል፣ ራሱ ደግሞ ይገፋል?»

«የሚስበው ጥቁሩ ጉድጓድ ነው፣ የሚገፋው በዙሪያው ያለው ብርሃን ነው። ቦታቸው ግን አንድ ነው።»

«ገባኝ» አሉ ብኸይታ ቢላዋቸውን መልሰው እያነሡ። «ይሄማ የመጀመሪያው ባሌ ቤት ነው።»

የሳና አማካሪ መምህር ወንድማገኝ የወንበራ ሰው ናቸው፤ እዚያው ወንበራ ባለችው ደብረ ዘይት ተወልደው ያደጉ፣ ቀልድ የማይጠፋቸው። የሳናን ስሌት አይተው መጀመሪያ ያሏትን አትረሳውም። «ሳና፣ ደመናዎችሽ በጣም ጨዋ ናቸው። ባስቀመጥሽበት ቦታ ቁጭ ይላሉ። እንደዚህ ያለ ደመና የት አገር ነው ያለው?» እውነታቸውን ነበር። የሳና ደመናዎች አይወጡም፣ አይወድቁም። መሳብና መገፋቱ እኩል ሆኖባቸው እንደ ደንቆሮ እንግዳ ደጃፍ ላይ ቆመው ይቀራሉ። መጀመሪያ መፍትሔው ማራቅ መሰላት፤ ከጉድጓዱ ራቅ ካሉ ስበቱ ይደክማልና ይለቃቸዋል ብላ አሰበች። ለካ ስበቱ በደከመው ልክ ብርሃኑም ይደክማል። እጥፍ ብታርቃቸው ስበቱም ሩብ ይሆናል፣ ብርሃኑም ሩብ ይሆናል። ደመናው እዚህ የቆመ እንደሆነ እዚያም ያው ቆሞ ነው የሚቀረው። ርቀት ምንም አይፈታም።

አንድ ክረምት ሙሉ በዚህ ነገር ተብከነከነች። በመጨረሻ ስሕተቷን ያገኘችው ራሷ ናት። ደመናዎቹን እንደ ታሸገ ዕቃ አድርጋ ነበር የቆጠረቻቸው፤ ይዘውት የመጡትን ጋዝ ይዘው የሚኖሩ። ደመና እንዲያ አይደለም። ፊቱን ለዚያ ብርሃን የሰጠ ደመና ይቃጠላል፤ የበራበት በኩል እየጋለ እየተገፈፈ ይሄዳል። ብርሃኑ የሚገፋው ፊቱን ነው፤ ስበቱ የሚይዘው ግን ከፊቱ ጀርባ የተከመረውን ነው። የተከመረው ሲሳሳ ብርሃኑ ያሸንፍና ደመናውን ይዞት ይወጣል። ሳና ደመናዎቿ ከራሳቸው ላይ እንዲያራግፉ በፈቀደችላቸው ቀን ስሌቱ ተነቃነቀ። ወፍራሞቹ ወደ ውስጥ ወደቁ፣ የሳሱት እየበረሩ ወጡ፣ ጥቂቶቹም ከፍ ብለው ተመለሱ። መምህር ወንድማገኝ ደስታቸውን መደበቅ አቃታቸው። ሥራዋን አዲስ አበባ ላሉ ባልደረቦቻቸው ላኩት። መልሱ መጣ፤ ለሦስተኛ ዲግሪ ተቀብለዋታል። በምዝገባው ጊዜ በአካል ከተገኘች ብቻ ነው ታዲያ፤ ካልሆነ ቦታው ለሌላ ይሰጣል።

ይህ በሆነ በሳምንቱ ነው ሼህ ዓብዱልላጢፍ ከጁምዓ መልስ ሽማግሌዎች አስከትለው ጀዕፈር ቤት የገቡት። ሳና በዚያው ቀን ለአባቷ ልትነግራቸው ቆርጣ ነበር። ማለዳ ልትነግራቸው ፈለገች፣ ፊታቸው ከፋባት። ከጁምዓ በኋላ እነግራቸዋለሁ አለች፣ ሽማግሌዎቹ ቀደሟት። እንግዳ መጥቶ ቆሞ ማየት አይሆንምና ማንቆርቆሪያ አንሥታ እጃቸውን ልታስታጥብ ጎንበስ አለች።

«ቢንቲ፣ ልጄ» አሏት ሼሁ እጃቸውን እንደዘረጉ። «እኛ ተመካክረናል። ቤት የሌለው መምህር ቅርንጫፍ ላይ ያለ ወፍ ነው፤ ዛሬ አለ፣ ነገ የለም። አባትሽ ግቢ ጥግ፣ ወደ ትምህርት ቤት በሚወስደው መንገድ በኩል፣ በደቦ ቤት እንሠራልሻለን። አንቺም ከልጆቻችን ጋር ትኖሪያለሽ። ምን ትያለሽ?»

አሁን እዚህ ላይ አንድ ነገር መታወቅ አለበት። በዚያ መንደር ሴት ልጅ በሽማግሌ ፊት ተጠይቃ አንገቷን ደፍታ ዝም ካለች እሺ ብላለች ማለት ነው። ልማዱ የተበጀው ለጋብቻ ነው፤ ዓይን አፋር ሙሽራ አፍ አውጥታ እሺ ትበል ብሎ የሚያስጨንቃት እንዳይኖር ለደግነት የታሰበ ነው። ሽማግሌዎቹ ግን ልማድ አያባክኑም፤ ለጋብቻ የሚሆነው ለሌላውም ይሆናል ይላሉ። ሳና ይህን ከማንም በላይ ታውቃለች። ግን በዚያች ቅጽበት ያሰበችው ሌላ ነበር። «እዚህ፣ በሰው ፊት፣ አባቴን አላዋርድም። ሲሄዱ ብቻውን እነግረዋለሁ፤ እሱ ይመልስላቸዋል።» ጨዋ ልጅ የምታስበው ይህንኑ ነው። አንገቷን ደፋች። እጇ ተንቀጥቅጦ ውኃው በሼሁ እጅጌ ላይ ፈሰሰ።

«ዝም አለች» አሉ ሼህ ዓብዱልላጢፍ። «እሺ ማለቷ ነው።»

መዳፎች ሁሉ ወደ ላይ ተዘረጉ፤ የቃል ማሰሪያው ፋቲሃ ተቀራ። ፋቲሃ የተቀራበት ቃል ደግሞ በጓዳ አይፈታም። መዳፋቸውን የዘረጉት ሰዎች ባሉበት ካልሆነ በቀር አባትም ቢሆን፣ ሼህም ቢሆን አይፈታውም። ሳና ማንቆርቆሪያውን ይዛ እንደቆመች በሩ ከውጭ የተቆለፈባት መሰላት።

እንዲህ ሆኖ ነው ቀርከሃው የመጣው። የመጀመሪያው ቀን ጉድጓድ ተቆፍሮ ምሰሶ ቆመ። ከዚያ የተሰነጠቀውን ቀርከሃ እየጠለፉ ግድግዳውን አቆሙ። ሴቶቹ ገንፎና የከርከዴ ሻይ እያመላለሱ ይቀልዳሉ። «ቤቱ ካለ ባሉ ራሱ ይመጣል!» ትላለች አንዷ፤ ሌላዋ ትቀበላታለች፤ ሳና ትሥቃለች። አፏን እስኪያማት ድረስ ሣቀች። ቤቱ በየቀኑ ከፍ ይላል። አንዳንዴ ውስጡ ትገባና ገና ያልተዘጋውን ጣሪያ ሽቅብ ታያለች። ሰማዩ በየዕለቱ ይጠባል።

ለአክስቷ ልትነግራቸው ሞከረች። ብኸይታ ትልቁን ድስት ያማስሉ ነበር።

«አክስቴ፣ አንድ ነገር ልነግርሽ ነው።»

ብኸይታ ቀና ብለው ፊቷን አዩና ማማሰያውን ለቀቁ። «አትንገሪኝ።»

«ገና ምኑን ሰማሽና?»

«ፊትሽን አይቼዋለሁ። ከነገርሽኝ መደበቅ አልችልም፤ ከደበቅሁ ደግሞ ከወንድሜ ጋር እጣላለሁ። ወላሂ አትንገሪኝ።» ዞር አሉና ድስቱን እንደገና ማማሰል ጀመሩ። ጀርባቸውን እንደሰጧት፣ «ሰዳም ሲሄድም እንዲህ ያለ ፊት ነበረው» አሉ።

ሳና ከዚያ በኋላ ለአክስቷ አልነገረችም።

አባቷ ጋ ስትሄድ ጀዕፈር ከግድግዳው አናት ላይ ተቀምጠው ማገር እያሰሩ ነበር። እንደ እሳቸው ዕድሜ ያለ ሰው እዚያ ላይ አይወጣም፤ ውረድ ቢሏቸውም አልሰሙ። እሷን ሲያዩ ፊታቸው በራ።

«መጣሽ? አንድ ነገር ልጠይቅሽ ፈልጌ። የእኛ ቤት መስኮት የለውም። ለአንቺ ግን አንድ እናውጣ ብያቸዋለሁ። ብርሃን የሚያጠና ሰው ጨለማ ቤት አይቀመጥም። በየት በኩል ይሁን?»

ሳና የመጣችው «ባባ፣ እሄዳለሁ» ልትል ነበር። ቃሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። ሽቅብ ስታያቸው ግን እጃቸው በቀርከሃው ተቆራርጦ፣ ሽበታቸው ላይ የሣር ብናኝ ተነስንሶ፣ እንደ ልጅ መልሷን ይጠብቃሉ።

«ወደ መንገዱ በኩል» አለች።

«አዎ፣ ወደ መንገዱ» አሉ ጀዕፈር። «እኔም ያን አስቤ ነበር።»

ሄዳ ከማንጎ ዛፍ ጀርባ ቆመችና አለቀሰች። ቤቱን አልፈልግም ልትል የሄደች ሰው መስኮቱን መርጣ ተመለሰች። በራሷ አፈረች፤ በእሳቸው ደግሞ አዘነች፤ ከሁለቱ የትኛው እንደሚብስ አላወቀችም።

ከእንግዲህ የቀረኝ በማለዳው ሚኒባስ ማንም ሳያየኝ መውጣት ነው ብላ አሰበች። አሶሳ ከደረሰች በኋላ ደውላ ትናገራለች። ይህን ሐሳብ ሁለት ቀን ይዛው ዞረች፤ ልብሷን እንኳ በቦርሳ አደረገች። ነገሩ ግን አልዋጥላት አለ። ራሷ ናት የጻፈችው፤ ርቀት ምንም አይፈታም ብላ። ዝም ብላ ከሄደች ዝምታዋን ይዛው ነው የምትሄደው፤ አዲስ አበባ ሆና ስልክ በጮኸ ቁጥር ያው ማንቆርቆሪያ በእጇ ይሆናል። ሰዳም የሄደ ጊዜ ቤቱ ምን እንደሆነ ታውቃለች። አባቷ መንገዱ ዳር ለሁለት ልጅ ሲቀመጡ ታዩዋት። ልብሷን ከቦርሳው መልሳ አወጣች።

በዚህ መካከል ነው መምህር ወንድማገኝ የደወሉት።

«ሳና፣ ተነሣሽ? ምዝገባው እኮ ደረሰ።»

«መምህር፣ ነገሩ ትንሽ ተወሳስቧል። ለቤተሰብ ገና አልተናገርሁም።»

«ምን ማለትሽ ነው? እኔ ለአባትሽ ነግሬያቸዋለሁ እኮ።»

«መቼ?»

«ያን ሰሞን ነዋ! ስልክሽን አንሥተው። ቻርጅ ላይ ነው አሉኝ። እንኳን ደስ ያለዎት፣ ልጅዎ አዲስ አበባ ዶክተር ልትሆን ነው አልኳቸው። «ሳና ጎበዝ ነው። አላህ ይስጥህ» አሉኝ በዚያ በሚሰባበር አማርኛቸው። ሐሙስ ነበር መሰለኝ።»

ሳና ስልኩን እንዴት እንደዘጋችው አታስታውስም። ሐሙስ ያውቁ ነበር። ሼሁ የመጡት አርብ ነው።

ጀዕፈርን ያገኘቻቸው ከመንገዱ ዳር፣ ከማንጎው ሥር ነው። የዕለቱ መኪና መጥቶ፣ ሰዎቹ ወርደው፣ ሄደው አልቀዋል። እሳቸው ግን አልተነሡም ነበር። አጠገባቸው ቆመች፤ ልትቀመጥ አልፈለገችም።

«ባባ፣ መምህሬ ነግረውህ ነበር?»

ጀዕፈር አልካዱም። «ነግሮኝ ነበር።»

«እና ሼሁን ያመጣሃቸው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ።»

«ለምን ለብቻዬ አልጠየቅኸኝም?»

ጀዕፈር ዓይናቸውን ከመንገዱ አላነሡም። «ለብቻሽ ብጠይቅሽ እውነቱን ትነግሪኛለሽ። በሰው ፊት ብጠይቅሽ ዝም ትያለሽ። እኔ ነኝ ያሳደግሁሽ፤ ዝም እንደምትይ አውቄ ነው።»

ሳና ተናደደች። ዕድሜዋን ሙሉ በአባቷ ላይ እንዲህ ተናድዳ አታውቅም። ራሳቸው ያስተማሯትን ጨዋነት ወጥመድ አደረጉባት። ጩኺ ጩኺ አላት፤ ነገር ግን የሚወዱትን ሰው ሲያረጅ ከጎን ማየት ጉልበት ያሳጣል፤ ስትናገር ድምፅዋ ቀጥኖ ወጣ።

«አዲስ አበባ እኮ ደማዚን አይደለም፣ ባባ። ጦርነት የለም።»

«ደማዚንም ያኔ ጦርነት አልነበረም።»

 አንድ ሚኒባስ ወደ አሶሳ አለፈ፤ አቧራው አለበሳቸው፤ ሁለቱም ዓይናቸውን ጨፈኑ። አቧራው ሲያልፍ ጀዕፈር ተናገሩ። «ሰዳም አንድ ወር ብሎኝ ነው የሄደው። አንቺ ስንት ዓመት ትይኛለሽ?»

«እመጣለሁ። በየክረምቱ እመጣለሁ።»

«ፋቲሃ ተቀርቷል ሳና። እኔ ልፍታሽ ብል አልችልም። ቃሉ ያለው ከሰዎቹ ጋር ነው። አርብ ቤቱን ሊመርቁ ይመጣሉ። እዚያ፣ በእነሱ ፊት፣ አፍሽን መክፈት ከቻልሽ እኔ አልይዝሽም።» ልብሳቸውን አራገፉና፣ «የምትችይ አይመስለኝም» አሉ። ሊፈታተኗት አልነበረም የተናገሩት። እንዳትችል እየለመኑ ነበር፤ ሳናም ገብቷታል።

አርብ መጣ። ከጁምዓ መልስ ሰዉ ሁሉ አዲሱ ቤት ውስጥ ተሰበሰበ። ቤቱ እውነትም ያምራል። አዲስ ሣር ይሸታል፤ ግድግዳው ጥብቅ ብሎ ተጠልፏል፤ ወደ መንገዱ በወጣው መስኮት የከሰዓቷ ፀሐይ ገብታ ወለሉ ላይ አራት ማዕዘን ሠርታለች። በብርሃኑ ውስጥ አቧራ ይንሳፈፋል። ሳና አንዲት ብናኝ እያየች ቆየች። ብርሃኑ እየመታት ነው፤ ግን እዚህ ጉልበቱ ትንሽ ስለሆነ የሚያንቀሳቅሳት የሰዉ ትንፋሽ ነው። ከዚያ ማንቆርቆሪያውን አነሣች፤ ለማስታጠብ ተራው የእሷ ነውና።

ሼህ ዓብዱልላጢፍ ታጥበው እጃቸውን አደረቁ። መዳፋቸውን ሊዘረጉ ሲሉ ሳና ማንቆርቆሪያውን መሬት ላይ አስቀመጠች።  በዚያ ቤት ያለው ሰው ሁሉ ስለ እሷ የሚያወራው አንድ ነገር ነበር፤ ጨዋ ልጅ፣ ድምፅዋ የማይሰማ ልጅ ይላታል። ያ ስም ከዛሬ በኋላ እንደማይኖር ታውቃለች። ሲሄድ አሳዘናት።

«ሼህ፣ ፋቲሃው ሳይቀራ ልናገር።»

ጫጫታው ቆመ። ሴቶቹ ካሉበት በኩል ሰሐን ወደቀ።

«ያን ቀን ሲጠይቁኝ ዝም ያልሁት እሺ ብዬ አይደለም። አፍሬ ነው። ከዚያ በፊት አዲስ አበባ እንድማር ተቀብለውኝ ነበር። ሰኞ እሄዳለሁ። ቤቱን ስትሠሩ እያየሁ ዝም አልሁ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ አውፍ በሉኝ። ልጆቹን እስካሁን አስተምሬያለሁ፤ ስጨርስም እመጣለሁ። አሁን ግን እሄዳለሁ።»

 ቀርከሃ ሲሸከም የሰነበተ አንድ ጎልማሳ ትከሻውን እያሻሸ፣ «እንግዲህ ትከሻዬ እስኪድን እንኳ አልጠበቀችም» አለ። አንዳንዱ ሊሥቅ ፈልጎ ተወው። «ልጆቻችንስ?» አለች አንዲት እናት። ያች ጥያቄ ትክክለኛ ጥያቄ ናት፤ ዛሬም ድረስ ሳናን ትቆረቁራታለች።

ሼህ ዓብዱልላጢፍ የግራ እጅጌያቸውን ያዝ አደረጉ። «ያን ቀን ውኃ አፍስሰሽብኝ ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «እጅሽ ሲንቀጠቀጥ አይቼ ነበር። አይቼ ዝም አልሁ፤ ቤቱን ስለፈለግሁት። ስለዚህ አውፍ መባባሉ የጋራ ነው።» ከዚያ ፊታቸውን መለሱ። «ጀዕፈር፣ ልጅቷ ያንተ ናት። ተናግራለች። አንተስ ምን ትላለህ?»

ሰዉ ሁሉ ወደ ጀዕፈር ዞረ። ጀዕፈር ከመስኮቱ ሥር ተቀምጠዋል። ሳናን አዩዋት። ወደ መንገዱ አዩ፤ መንገዱ ላይ ማንም አልነበረም። አፋቸውን ከፈቱ፤ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ ቃል ግን አልወጣም። ብኸይታ ከሴቶቹ መካከል ተነሥተው ቆመዋል፤ በእጃቸው አፋቸውን ይዘዋል። ጀዕፈር እንደገና ሞከሩ። ከዚያ አንገታቸውን ደፉና እጃቸውን፣ ቀርከሃው የቆራረጠውን እጃቸውን፣ ጭናቸው ላይ አስቀመጡት።

ሼህ ዓብዱልላጢፍ ጠበቁ። ሽማግሌ ሲጠብቅ አይቸኩልም።

«ዝም አለ» አሉ በመጨረሻ። «እሺ ማለቱ ነው።»

መዳፎች ወደ ላይ ተዘረጉ፤ ፋቲሃ መቀራት ጀመረ። ከሁሉም ዘግይተው የተነሡት የጀዕፈር እጆች ነበሩ።